ላፕቶፑ ፍላሹን «አላውቀውም» ሲል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊን፣ ወተት ዓባይንና ዱርቤቴን አልፎ ወደ እንጅባራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የዳንግላን ከተማ ለሁለት በሚከፍልበት ሥፍራ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሰለፉት ሱቆች መካከል፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ከሚሠሩት፣ መዝሙርና ፊልም በፍላሽ ከሚጭኑት፣ «የሞባይልና የላፕቶፕ ጥገና» የሚል ጽሑፍ በበራቸው ላይ ከለጠፉት ዘንድ በሰኔ ወር ጥቂት ሰዓት ተቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ የአንድ ዓመት ድካም፣ የመምህሩ የማርክ መዝገብ፣ የተመራቂው የጥናት ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤቱ የዓመት ሪፖርት፣ አውራ ጣት በምታህል ፍላሽ ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ያችም ፍላሽ በላፕቶፕ ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ገብታ መታወቋና አለመታወቋ የሰውን ፊት እንዴት እንደሚለዋውጥ በግልጽ ይረዳል።

በአንደኛው ሱቅ ውስጥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ዝናብ ያራሰውን ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ላፕቶፑን ከፌስታል አውጥቶ በባንኮው ላይ አኖረና ከኋላው ለተቀመጠው ወጣት ባለሙያ ችግሩን አስረዳው።

«ወንድሜ፣ ሮስተሩ በሙሉ እዚህ ፍላሽ ላይ ነው፤ ነገ ለዲሬክተሩ ማስረከብ አለብኝ። በግራም ሰካሁት፣ በቀኝም ሰካሁት፣ ወይ ፍንክች! አንዱ ባልደረባዬ ፎርማት አድርገው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ አትድከም አለኝ።»

«ፎርማት አላደረጉትም አይደል፣ መምህር?»

«ኧረ አልነካሁትም።»

«እንግዲያው ገና ምንም አልጠፋም» አለና ወጣቱ ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ፍላሹን ብቻ ተቀበለ።

ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ፎርማት መጠየቁ ከብዙ ሰው ኀዘን የተማረው ጥንቃቄ ነው፤ መምህሩ ከባልደረቦቹ የሰማቸው ሁለቱ ምክሮች፣ አንደኛው ጽሑፍን፣ ሁለተኛው ገንዘብን የሚያጠፉ፣ ሁለቱም ከምርመራ በፊት የተፈረዱ ፍርዶች ናቸውና። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዕር ያነሣሁበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ላፕቶፕ በዩኤስቢ የተሰካበትን ዕቃ የሚያውቀው በቅደም ተከተል በሚፈጸሙ ጥያቄዎችና መልሶች ስለሆነ፣ ንግግሩ በየትኛው እርከን ላይ እንደ ተቋረጠ ያልለየ ሰው የሚያዝዘው መድኃኒት፣ ቢሰምርለት እንኳ፣ በአጋጣሚ የሰመረ ነው።

ጥንተ ነገሩን ለመናገር ያህል፣ ዩኤስቢ ከመምጣቱ በፊት ማተሚያው በአንድ ሰፊ መሰኪያ፣ ማውሱ በሌላ ክብ መሰኪያ፣ ሞደሙም በሦስተኛ ዓይነት ይገናኝ ነበር፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ለመትከልም ብዙውን ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት ግድ ነበር። ይህን የተበታተነ ነገር ወደ አንድ ሥርዓት ለመሰብሰብ ከደከሙት አንዱ በኢንቴል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሕንድ ተወላጁ መሐንዲስ አጄይ ባት ሲሆን፣ ኮምፓክ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል የተባሉት ሰባት ኩባንያዎች የተስማሙበት የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ወጣ። በ2000 በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት የሚያመላልሰው ሁለተኛው ደንብ፣ በ2008 ደግሞ 5 ጊጋ ቢት የሚያመላልሰው ሦስተኛው ተከተሉ። አይቢኤም በ2000 መጨረሻ ለገበያ ያወጣት ፍላሽ 8 ሜጋ ባይት ብቻ የምትይዝ ነበረች፤ በዛሬ ዐይን ሁለት መዝሙር ከተጫነባት የምትሞላ ማለት ነው። መሰኪያው በአንድ ፊቱ ብቻ እንዲገባ የተደረገው በሁለቱም ፊት እንዲገባ ቢሆን ሽቦውና ዋጋው ይበዛ ስለ ነበር እንደ ሆነ ባት ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግሯል። የዚያን ቍጠባ ዕዳ ግን ዛሬ የሚከፍሉት፣ ተገልብጦ የተያዘውን ፍላሽ በኃይል ሲገፉ በፖርቱ ውስጥ ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ የሚሰብሩት ሰዎች ናቸው።

በአገራችን ሥርዓት እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ማን ልበል?» የሚል ድምፅ እንደሚቀበለው፣ ስሙንና የመጣበትን ጉዳይ ከተናገረ በኋላም እንደየማዕርጉ ቦታ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የዩኤስቢም ሥርዓት በዚሁ አኳኋን የተደራጀ ነው። በተለመደው መሰኪያ ውስጥ በተርታ ከተደረደሩት አራት ቀጫጭን ብረቶች ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ የ5 ቮልቱ ኃይል መምጫና መመለሻ ሲሆኑ፣ መካከለኞቹ ሁለቱ መልእክት ማመላለሻዎች ናቸው፤ በሚሰካው ዕቃ በኩል የኃይሎቹ ብረቶች ከመልእክቶቹ ጥቂት እንዲረዝሙ የተደረገውም ዕቃው ከመናገሩ በፊት ኃይል አግኝቶ እንዲነቃ ነው። በላፕቶፑ በኩል ሁለቱ የመልእክት መሥመሮች እያንዳንዳቸው በ15 ሺህ ኦም ሬዚስተር ወደ ዜሮ ቮልት ዝቅ ብለው ይጠብቃሉ፤ የተሰካው ዕቃ ከሁለቱ አንዱን በ1 ሺህ 500 ኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ገደማ ከፍ ሲያደርገው ላፕቶፑ አንድ ነገር መምጣቱን ያውቃል፤ ከፍ ያለው የትኛው መሥመር እንደ ሆነ አይቶም ስለ ፍጥነቱ የመጀመሪያውን ዕውቀት ያገኛል። ከዚህ በኋላ ማንነቱን ይጠይቀዋል፤ ከ1 እስከ 127 ካሉት ቍጥሮች አንዱን በአድራሻነት ይሰጠዋል፤ የሠሪውን ኩባንያ መለያ፣ የምርቱን ቍጥር፣ የሚሠራውን ሥራና የሚሻውን የኃይል መጠን ያስነግረዋል። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ ዕቃው በሁለተኛው ደንብ ከ100፣ በሦስተኛው ከ150 ሚሊ አምፔር በላይ እንዲወስድ አይፈቀድለትም፤ ከተፈጸመ በኋላ ግን በሁለተኛው ደንብ እስከ 500፣ በሦስተኛው እስከ 900 ሚሊ አምፔር ሊፈቀድለት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስ ለዚያ ዕቃ የሚስማማውን ድራይቨር፣ ማለት ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ፈልጎ ያስነሣል፤ ዕቃው ፍላሽ ከሆነም የፋይሎቹን አደረጃጀት አንብቦ በአንድ ፊደል ይሰይመዋል፤ ያን ጊዜ ብቻ ከድራይቮቹ ተርታ ገብቶ ይታያል።

እንግዲህ «አላወቀውም» በሚለው በአንዱ አቤቱታ ሥር ብዙ ልዩ ልዩ ደዌዎች እንደ ተሸሸጉ ከዚህ ይታያል። ሲሰካ ድምፅም መብራትም ከሌለ ነገሩ ገና በኃይሉ ላይ ቆሟል። ዩኤስቢው አልታወቀም የሚለው ማስጠንቀቂያ በማያው ጥግ ብቅ ሲል ግን፣ ብዙ ሰው የጥፋት ሁሉ መጨረሻ ቢመስለውም፣ በእኔ ፍርድ ከዝምታው ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ነው፤ ኃይሉ ደርሷል፣ ጥሪውም ተሰምቷል፣ የታወከው ዕቃው ማንነቱን በሚናገርበት ጊዜ ነውና፤ ዲቫይስ ማኔጀር የተባለው የዊንዶውስ የዕቃዎች መዝገብም ይህንኑ ሁኔታ በኮድ 43 ይመዘግበዋል። በዚያው በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ቃለ አጋኖ ከኮድ 28 ጋር ከታየ ዕቃው ስሙን በሚገባ ተናግሯል፤ የጐደለው ድራይቨር ነው። ሁሉ ነገር ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፍላሹ ብቻ ሳይታይ ቢቀር ደግሞ፣ በዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ሲመለከቱት ፊደል ሳይሰጠው ተቀምጦ ይገኝ ይሆናልና ፊደሉን ሰጥቶ ማስነሣት ነው።

ወጣቱ ባለሙያ የመምህሩን ፍላሽ በመጀመሪያ የሰካው በሱቁ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ተከፈተ። ገና የመምህሩ ፊት ሳይፈታ፣ ሮስተሩን በሙሉ ወደ ሱቁ ኮምፒዩተር ገልብጦ አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ቢመስልም ሁለት ታላላቅ ጥቅሞችን በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ፍላሹን ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣል፣ የሰውየውንም ሀብት ከማናቸውም ሙከራ አስቀድሞ በጥላ ሥር ያኖራል።

ከመሳቢያው ያወጣው መመርመሪያ ገመዷ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ከሆዷ ቀይ ብርሃን የምታወጣ አሮጌ ማውስ ነበረች። በስተግራ ባለው ጥቍር ፖርት ሲሰካት ቀዩ ብርሃን ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጋት በራ፣ ሲለቃት ጠፋ። በስተቀኝ ባሉት ሁለት ሰማያዊ ፖርቶች ሲሰካት ግን ብርሃኑ ያለ ማመንታት በራ፣ በማያው ላይ ያለው ቀስት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። መምህሩ ያየው ሦስቱም ፖርቶች እንቢ ማለታቸውን ነበርና ማዘርቦርዱ ሞቷል ለሚለው ፍርድ ማስረጃ ያገኘ መስሎት ነበር፤ ባለሙያው ያየው ግን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ያደሩ ሁለት የማይዛመዱ ሕመሞችን ነው፤ በግራው ኃይሉ ራሱ ይቈራረጣል፣ በቀኙ ኃይሉ ሙሉ ሆኖ ንግግሩ የለም። በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ የሚያሳስተው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ለአንድ አቤቱታ አንድ ምክንያት መፈለግ ስለሚወድ፣ ሁለት ጥቃቅን ምክንያቶች በተገናኙ ጊዜ አንድ ታላቅ ጥፋት ፈጥሮ ያምናል።

ከጥቍሩ ፖርት ጀመረ። ላፕቶፑን አጠፋ፣ ቻርጀሩን ነቀለ፣ ባትሪውን ከሥሩ አወጣ፤ በሞባይሉ ባትሪ እያበራ በአጉሊ መነጽር ወደ ውስጥ ተመለከተና ለመምህሩም አሳየው። በምላሷ ላይ ከተደረደሩት አራት ብረቶች ሦስቱ በወርቅማ ቀለማቸው ያብለጨልጫሉ፤ በዳር ያለው አንዱ ግን ጠቍሯል፣ በሥሩም ጥላሸት የመሰለ ጥቍር ብናኝ ከልብስ ቃጫ ጋር ተላቍጦ ተቀምጧል። የአገሩን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቅም። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ባለ ምድር ላይ ያለች፣ ክረምቷም ረጅምና ብርቱ የሆነ ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ አዲስ ቅዳምን ዋና ከተማው ያደረገው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ደከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በማሳ እየተከለ ከሰል በማክሰል የታወቀ ነው፤ ከሰሉም በየቤቱና በየሱቁ በቡና ምድጃ ላይ ይነድዳል። የበጋው አቧራና የከሰሉ ብናኝ በጠባቧ ቀዳዳ ገብቶ ይቀመጣል፣ የክረምቱ እርጥበት ይደርብበታል፣ በብረቱ ላይ የተቀባው ስስ ወርቅም በመሰካትና በመንቀል ብዛት ከተፋቀ በኋላ ከሥሩ ያለው ብረት እየዛገ ኃይል ማሳለፉን ይተዋል።

ወጣቱ በስቴኪኒ ጫፍ ቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ብርቱ አልኮል በጥቂቱ አስነክቶ፣ ብረቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ጠረገ፤ መርፌ አልነካም፣ በአፉም እፍ አላለበትም፤ መርፌ ሁለቱን ብረቶች አገናኝቶ ሊያቃጥል፣ ትንፋሽም ያንኑ እርጥበት መልሶ ሊያስገባ ይችላልና። አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ባትሪውን መልሶ ሲያስነሣው፣ የማውሷ ቀይ ብርሃን በጥቍሩ ፖርት ጸንቶ ቆመ፣ ቀስቱም ተንቀሳቀሰ።

የተለመደው የዩኤስቢ መሰኪያ ቢያንስ 1 ሺህ 500 ጊዜ መሰካትና መነቀልን እንዲችል ተደርጎ የተወሰነ ነው። ይህ ቍጥር በቤት ላለ ሰው ብዙ ቢሆንም፣ በቀን 20 ፍላሽ ለሚቀበል የጽሕፈት ሱቅ የ75 ቀን ሥራ ብቻ ነው። ማይክሮ ዩኤስቢና ታይፕ ሲ እስከ 10 ሺህ እንዲችሉ የተደረጉት ይህ ስለ ታወቀ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የብዙ ሰው ፍላሽ የሚገባበት ኮምፒዩተር ያለው ሰው፣ አንዲት አጭር ማራዘሚያ ገመድ በፖርቱ ላይ ለዘለቄታው ሰክቶ የሌላውን ሁሉ ፍላሽ በገመዷ ጫፍ ቢቀበል፣ የሚያረጀው በርካሽ የሚለወጠው ገመድ ይሆናል፣ ፖርቱም ይድናል። ከዚህ የሚቀልና ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ አላውቅም።

የሰማያዊዎቹ ፖርቶች ነገር ግን በአልኮል የሚፈታ አልነበረም። ባለሙያው ከዊንዶውስ ሌላ የሆነው ኡቡንቱ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተቀዳበትን ዲቪዲ አስገብቶ ላፕቶፑን በእርሱ ሲያስነሣው፣ ያችው ማውስ በሰማያዊው ፖርት ያለ አንዳች ችግር ሠራች፤ በዚህም ብረቱና ሰሌዳው ጤነኛ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ በዊንዶውስ በኩል እንዳለ ተረጋገጠ። መምህሩ ሲጠየቅ ላፕቶፑ ከጥቂት ወራት በፊት ዊንዶውስ 7 እንደ አዲስ ተጭኖበት እንደ ነበር አስታወሰ። ምሥጢሩም ይኸው ነበር፤ ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሦስተኛው የዩኤስቢ ደንብ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያው ደንብ ለሚሠራው ለሰማያዊው ፖርት የሚሆን ድራይቨር በውስጡ የለውም፤ ከላፕቶፑ ሠሪ የመጣ ድራይቨር ካልተጫነለት ፖርቱ ኃይል ይሰጣል እንጂ አይናገርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህሩ ሳያስተውለው ሥራውን ሁሉ ይሸከም የነበረው አንዱ ጥቍር ፖርት ነበር፤ እርሱም በተራው ሲደክም ሁሉም ባንድ ቀን የሞተ መሰለ።

ድራይቨሩ የተገኘው በባለሙያው ሃርድ ዲስክ ውስጥ፣ በየላፕቶፑ ሠሪ ስም በፎልደር ተለይቶ ከተቀመጠ ክምችት ነው፤ በጸዳው ጥቍር ፖርት በኩል ገብቶ ተጫነ። እንዲህ ያለ ክምችት ማኖር በሌላ አገር ትርፍ ድካም ሊባል ይችል ይሆናል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ግን፣ በቴሌግራም ይላክ የነበረው ፋይል በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ግድ ሲሆንበት፣ ድራይቨር ማውረድም ሲቀር፣ አስቀድሞ የሰበሰበ ባለሙያ ለጎረቤቱ ምን ያህል በረከት እንደ ሆነ ያየ ያውቃል።

ድራይቨሩ እያለ ፖርቱ ዝም የሚልበትም ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቈጠብ ሲል ሥራ የፈታውን ፖርት ያስተኛዋል፣ አንዳንዴም የተኛው በጊዜው አይነቃም፤ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የተባለውን ከፍቶ በፓወር ማኔጅመንት ክፍል ያለውን የቍጠባ ፈቃድ ማንሣት ይህን ይፈውሳል። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩንና ባትሪውን አላቅቆ፣ የማስነሻውን ቍልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ የሚለው ምክርም ተረት የሚመስላቸው አሉ፤ ምክንያት ግን አለው፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ እንኳ ለአንዳንድ ክፍሎቹ ጥቂት ኃይል ስለሚያደርስ፣ በተሳሳተ ሁኔታ ላይ የተቀረቀረው የፖርቱ ተቈጣጣሪ ወደ መነሻው የሚመለሰው ያ ቀሪ ኃይል ሲጠፋ ነው።

ስልክ ከላፕቶፕ ጋር አልገናኝ ያለውን ሰው በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም፤ ገመዱ ከውስጡ የኃይሉ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ያሉት የቻርጅ ገመድ ሊሆን ይችላልና መልእክት በሚያሳልፍ ገመድ ይለውጥ፤ ከዚያም ስልኩን ከፍቶ ከቻርጅ ብቻ ወደ ፋይል ማስተላለፊያ ይመልሰው። ሃርድ ዲስኩ እየተንቋቋ ሳይነሣ የሚቀርበት ሰው ደግሞ ከአንዱ ፖርት የሚያገኘው ኃይል አልበቃ ብሎት ይሆናልና፣ ከሁለት ፖርት ኃይል በሚስብ ባለ ሁለት ራስ ገመድ ይሞክረው።

ፍላሹ ታውቆ ሳለ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦ መገኘቱ በጽሕፈት ሱቆች የዘወትር አቤቱታ ነው፤ ፋይሉ ግን ብዙውን ጊዜ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች የተሰወሩና የሲስተም ናቸው የሚል ምልክት ሰጥቶ ይደብቃቸዋል፣ በስማቸውም ራሱን የሚያስነሣ ሾርትከት ይተክላል፤ በአትሪብ ትእዛዝ ምልክቱ ሲነሣላቸው ይመለሳሉ። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሣውን ፕሮግራም በዊንዶውስ 7 ካስቀረና እ.ኤ.አ. በ2011 ለቀደሙት ዊንዶውሶችም ከዘጋ በኋላ ቫይረሱ የሚኖረው በሰው እጅ ነው፤ ሾርትከቱን ሁለት ጊዜ የሚጫነው ሰው ራሱ ያስገባዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት የሚለው መልእክት ነው፤ በትሕትና የቀረበ ስለሆነ ብዙ ሰው ይታዘዘዋል። ይህ መልእክት የሚነግረን የፋይሎቹ ማውጫ አልተነበበም የሚለውን ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ ራሳቸው በቦታቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እምቢ ብሎ መስኮቱን ዘግቶ፣ በፍላሹ ላይ አንዳች ሳይጽፉበት፣ ቴስት ዲስክ ወይም ፎቶሬክ በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቀድማል። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ማርክ፣ የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ፎቶግራፍ በአንድ «እሺ» ሲጠፋ ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ፎርማቱ ደግሞ ኋላ ሊደረግ ይችላል።

ብረቱ ራሱ የሚሰበርበትም ጊዜ አለ። በላፕቶፑ አንድ ጎን ያሉት ሁለት ፖርቶች አብረው ከሞቱ፣ በብዙ ላፕቶፖች የዚያ ጎን ፖርቶች የተቀመጡት በጠፍጣፋ ሪባን ገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር በተያያዘች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ፣ ክዳኑን ከፍቶ ገመዱን መልሶ ማጥበቅ ብቻ ይበቃ ይሆናል። ምላሷ ከተሰበረች ፖርቱ ተነቅሎ ሌላ ይበየዳል፤ ይህም ለሠለጠነ እጅ ከባድ ሥራ አይደለም። በቴስተር ሲለኩት ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው መካከል ያለ ቮልት ከሌለ ጥፋቱ ያለው በኃይሉ መንገድ ላይ ባለች ፊውዝ ወይም መቈጣጠሪያ ላይ ነው። ቮልቱ ትክክል ሆኖ፣ በኡቡንቱም ተሞክሮ፣ ሁሉም ፖርቶች ዝም ካሉ ግን ጥርጣሬው የዩኤስቢውን ተቈጣጣሪ በውስጡ ወደ ያዘው ዋና ቺፕ ይዞራል፤ እርሱን መለወጥ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጣው ወጪ ከዋጋው ጋር መመዘን አለበት።

እንደዚህ ያለ ላፕቶፕ የደረሰበት ሰው ሁሉ ነገር ያለቀ እንዳይመስለው። የአብዛኛዎቹ ላፕቶፖች ቍልፍ ሰሌዳ በዩኤስቢ መንገድ ስለማይሄድ መጻፉ አይቋረጥም፤ ዋይፋይና የኔትወርክ ገመድም ራሱን የቻለ መንገድ አላቸውና ፋይሉ በእነርሱ ይወጣል፣ ማተሚያውም በኔትወርክ ይገናኛል፤ ሁሉም ቢቀር ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ በኬዝ ውስጥ ገብቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል።